የባሕር ዳርቻው የማርያም ልጆች

 

በሀገራችን የግንቦት ልደታ በር ዘግቶ የሚከበር በዓል አይደለም። ቅዱሳን ኢያቄምና ሐና በሊባኖስ ተራራ ሳሉ እመቤታችንን መውለዳቸውን በማሰብ ጎረቤት ከጎረቤት ይጠራራል፤ ከደጅ ወጥቶ በዛፍ ጥላ ሥር ይሰበሰባል፤ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ቡና ይፈላል፤ አረጋውያን ይመርቃሉ፣ ልጆች አሜን ይላሉ። በዓሉ የቤተ ክርስቲያን ብቻ ሳይሆን የመንደርም በዓል ነው። ይኸው የእመቤታችን ልደት በሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ በሌላ ቀን፣ በሌላ ሰማይ ሥር፣ ነገር ግን በተመሳሳይ የመንደር መንፈስ ይከበራል። የዛሬው የበዓል ገጻችን አንባቢውን ይዞ የሚሻገረው ከዐረቢያ ባሕር ማዶ፣ በህንድ ምዕራባዊ ዳርቻ ወደሚኖሩት ክርስቲያን ኮሊዎች ነው።

እነዚህ ሰዎች ዓሣ አጥማጆች ናቸው። በሃይማኖት የሮማ ካቶሊክ ምእመናን በመሆናቸው ከእኛ ጋር በዶግማም ሆነ በሥርዓት የሚለያዩባቸው ነጥቦች መኖራቸው የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ጌታችን ከመረባቸው ጠርቶ ሐዋርያት ያደረጋቸውን የገሊላ ዓሣ አጥማጆች ታሪክ እየሰማ ላደገ ክርስቲያን፣ ዛሬም ከመረብና ከጀልባ ጋር እየኖረ የሚጸልይ ማኅበረሰብ ኑሮ ሊታወቅ የሚገባው ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያን እንዲገነዘቡልን እናሳስባለን።

ኮሊዎች እነማን ናቸው?

ኮሊ የሚለው ስም የአንድ ትንሽ ጎሣ መጠሪያ ሳይሆን፣ በህንድ ምዕራባዊ ክፍል በተለይም በማሃራሽትራና በጉጃራት ግዛቶች የተሠራጩ የብዙ ማኅበረሰቦች የጋራ መጠሪያ ነው። ከእነዚህም መካከል ማሃዴቭ ኮሊ የሚባሉት በሳህያድሪ ተራሮች ላይ እያረሱ የሚኖሩ ደገኞች ሲሆኑ፣ ሶን ኮሊና ማንጌላ የሚባሉት ደግሞ ኑሯቸውን በባሕር ላይ የመሠረቱ ናቸው። ክርስቲያን ኮሊዎች ከዚህ ከባሕረኛው ወገን የወጡ ሲሆኑ፣ ቋንቋቸው ማራቲኛ፣ ሥራቸው ዓሣ ማጥመድ፣ አለባበሳቸውና አበሳሰላቸውም በእጅጉ ከሂንዱ ወንድሞቻቸው ጋር አንድ ነው። የሚለያያቸው የጸሎት ቤታቸውና የሚጋቡበት ክልል ነው።

ዛሬ በዙሪያዋ ካሉት ከተሞች ጋር ከ20 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚኖርባት ሙምባይ ወይም በቀድሞ ስሟ ቦምቤይ፣ ከጥቂት መቶ ዓመታት በፊት ከተማ አልነበረችም። በባሕር የተለያዩ ሰባት ትንንሽ ደሴቶች ነበሩ። በእነዚያ ደሴቶች ላይ ጎጆ ቀልሰው፣ ጀልባ አስረው፣ ዓሣ አድርቀው ይኖሩ ከነበሩት የመጀመሪያ ነዋሪዎች መካከል ግንባር ቀደሞቹ ኮሊዎች ናቸው። የከተማይቱ ስም ራሱ ሙምባዴቪ ከምትባለው የጥንት ኮሊዎች አምልኮ የተወሰደ ነው፤ በደቡብ ጫፍ የሚገኘው ኮላባ የተባለው ሰፈር ስምም ከኮሊዎች ስም ጋር ይያያዛል። ባሕሩ እየተደለደለ ደሴቶቹ አንድ ላይ ሲገጠሙ፣ ፋብሪካውና ባንኩ፣ የፊልም ኢንዱስትሪውና ሰማይ ጠቀሱ ሕንፃ ሲነሣ፣ የኮሊዎቹ መንደሮች ግን በያሉበት ቀሩ። እነዚህ መንደሮች ኮሊዋዳ ይባላሉ፤ ትርጉሙም የኮሊዎች ሰፈር ማለት ነው። ዎርሊ፣ ማሂም፣ ቬርሶቫ፣ ቺምባይ፣ ማኖሪ፣ ጎራይና ኡታን ከታወቁት መካከል ናቸው።

ወንጌል ወደ ዳርቻው የደረሰበት መንገድ

የክርስቲያን ኮሊዎች ታሪክ የሚጀምረው ከፖርቱጋሎች መምጣት ጋር ነው። በ1534 የጉጃራቱ ሱልጣን ባሃዱር ሻህ ባሴይን የተባለውን ወደብና በዙሪያው ያሉትን ደሴቶች በውል ለፖርቱጋሎች አሳልፎ ሰጠ። ባሴይን ዛሬ ቫሳይ ትባላለች። ከወታደሩና ከነጋዴው ጋርም የፍራንቸስካን፣ የኢየሱሳውያንና የሌሎች ማኅበራት መነኮሳት ገቡ። ስብከቱ ሁልጊዜ በፈቃድ ላይ ብቻ የተመሠረተ ነበር ማለት አይቻልም። የቅኝ ገዢው ኃይል ለተጠመቀው የሚያደላበት፣ ባልተጠመቀው ላይ የሚከብድበት ጊዜ እንደነበረ፣ የሂንዱ መቅደሶች ስለ መፍረሳቸውም ታሪክ ይመሰክራል። ነገር ግን የገዢው ዘመን ካለፈ በኋላ የእምነቱ ጽናት የታየው በሰባኪዎቹ ሳይሆን በዓሣ አጥማጆቹ ላይ ነው።

ኢየሱሳውያን በ1575 በባንድራ፣ ከባሕሩ ጥግ፣ በሐዋርያው በቅዱስ እንድርያስ ስም ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። የቅዱስ ጴጥሮስ ወንድም እንድርያስ ራሱ ዓሣ አጥማጅ እንደነበረ ለምናውቅ ሰዎች ስሙ ለእንዲህ ያለ ቦታ ምን ያህል የተገባ እንደሆነ ግልጽ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ዛሬም በአገልግሎት ላይ ይገኛል።

ከዚያ በኋላ ጌቶች ተፈራረቁ። በ1661 የፖርቱጋል ልዕልት ካተሪን ለእንግሊዙ ንጉሥ ለዳግማዊ ቻርልስ ስትዳር ቦምቤይ የጥሎሽ አካል ሆና ተሰጠች፤ በ1668 ደግሞ ንጉሡ በዓመት 10 ፓውንድ ኪራይ ለምሥራቅ ህንድ ኩባንያ አስተላለፋት። በሰሜን ያለችው ባሴይን ግን በፖርቱጋሎች እጅ እንደቆየች በ1739 በማራታዎች ጦር ተያዘች። ኤውሮፓውያኑ ካህናት አካባቢውን ለቀው ሲሄዱ በቦታቸው የቀሩት የሀገሬው ተወላጅ ካህናት ነበሩ። ያጠመቃቸው መንግሥት ሲወድቅ እምነቱም አብሮ ይወድቃል ብሎ የጠበቀ ቢኖር ኖሮ ግምቱ ከሽፎበታል። ዓሣ አጥማጁ መስቀሉን ከጀልባው ላይ አላነሣም።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት ከጎዋና ከማንጋሎር የመጡ ካቶሊኮች በቦምቤይ ሥራ ፍለጋ በበዙ ጊዜ፣ የአካባቢው ተወላጅ ክርስቲያኖች ማንነታቸውን ለይተው ለማሳወቅ በ1887 ምሥራቅ ህንዳውያን የሚለውን መጠሪያ ወሰዱ። በዚህ ስም ከተጠቃለሉት መካከል ገበሬዎችና የእጅ ባለሙያዎች ሲገኙ፣ ኮሊዎቹም የባሕር ክንፋቸው ሆነው ይቆጠራሉ።

ከሐበሻ ጋር የተገናኙበት ደሴት

የኮሊዎች ታሪክ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ፍጹም ባዕድ እንዳይሆን የሚያደርግ አንድ ሌላ ምክንያት አለ። ከሙምባይ በስተደቡብ፣ ሙሩድ ከምትባል ከተማ ፊት ለፊት፣ በባሕር መካከል ጃንጂራ የሚባል ታላቅ የድንጋይ ምሽግ ቆሟል። ስሙ የመጣው ደሴት ከሚለው የዐረብኛ ቃል ነው።

የአካባቢው ትውፊት እንደሚተርከው፣ በ15ኛው ምዕተ ዓመት ራም ፓቲል የተባለ የኮሊዎች አለቃ ወገኖቹን ከባሕር ወንበዴዎች ለመከላከል በዚያች ደሴት ላይ የእንጨት አጥር አጠረ። አለቃው ለአህመድናጋር ገዢ አልታዘዝም ባለ ጊዜ፣ ከገዢው የተላኩ ሰዎች ነጋዴ መስለው መጡ፤ ዕቃችንን አሳድሩልን ብለው በርሜሎቻቸውን ወደ ውስጥ አስገቡ። በበርሜሎቹ ውስጥ ግን ወታደሮች ነበሩ። ሌሊቱን ወጥተው ደሴቲቱን ያዙ፤ ኮሊዎቹም ምሽጋቸውን አጡ።

ከዚያ ወዲህ ጃንጂራን የገዙት ሲዲ ወይም ሐብሺ እየተባሉ የሚጠሩት አፍሪካውያን ናቸው። ሐብሺ የሚለው ቃል ሐበሻ ከሚለው ስማችን የተገኘ ሲሆን፣ ከኢትዮጵያና ከአካባቢዋ በባርነትም ሆነ በወታደርነት ባሕር ተሻግረው በህንድ ለከፍተኛ ሥልጣን የበቁ ብዙዎች በዚህ ስም ይታወቃሉ። በኢትዮጵያ ተወልዶ በባርነት ተሽጦ ከሄደ በኋላ የአህመድናጋር መንግሥት አስተዳዳሪ እስከ መሆን የደረሰውና በ1626 ያረፈው ማሊክ አምባር ከሁሉም ይበልጥ ስሙ የገነነ ነው። የጃንጂራ ሲዲዎችም ታላቁ የማራታዎች ንጉሥ ሺቫጂ ደጋግሞ ቢሞክርም ሳይበገሩለት፣ ግዛታቸው በ1948 ከህንድ ጋር እስከ ተቀላቀለበት ጊዜ ድረስ በዚያ ዳርቻ ኖረዋል። እንግዲህ በዚያ ባሕር ላይ የሐበሻ ዘርና የኮሊ ዓሣ አጥማጅ ለዘመናት እንደ ገዢና ተገዢ፣ እንደ ጠላትና ጎረቤት ተያይተዋል ማለት ነው።

የመረቡ ሥራና የቤቱ ሕግ

በኮሊ መንደር ጊዜ የሚቆጠረው በባሕሩ መሙላትና መጉደል ነው። ጨረቃ ሙሉ በሆነችና በጠፋች ሰሞን ባሕሩ እጅግ ይሞላል፣ እጅግም ይጎድላል፤ ፍሰቱም ይበረታል። ኮሊዎች ዶል የሚሉት ታላቅ መረብ የተሠራው በዚህ ፍሰት እንዲጠቀም ተደርጎ ነው። መረቡ አፉ ሰፊ፣ ጫፉ ጠባብ የሆነ ረጅም ከረጢት ይመስላል፤ ከባሕሩ ወለል ጋር በተተከሉ ምሰሶዎች ወይም በመልሕቅ ይታሰራል፤ አፉም ወደሚመጣው ውሃ ይዞራል። ዓሣውን የሚያሳድደው የለም፤ ውሃው ራሱ እየነዳ ያመጣዋል። ፍሰቱ ጋብ ሲል ጀልባው ደርሶ ጫፉን ይፈታል። የእያንዳንዱ ቤተሰብ መረብ የሚተከልበት ቦታ በመንደሩ ዘንድ የታወቀ በመሆኑ፣ ከባሕሩ ላይ ወሰን ባይታይም ወሰን አለ፤ አባት ለልጅ የሚያወርሰው ርስት ከየብስ ይልቅ በውሃ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

በዚህ መረብ ከሚገቡት ሁሉ ለኮሊዎች የቀረበው ቦምቢል የሚባለው ዓሣ ነው። እንግሊዞች ምክንያቱ በውል ባልታወቀ አኳኋን የቦምቤይ ዳክዬ የሚል ስም አውጥተውለታል። ሥጋው ለስላሳና ውሃ የበዛበት በመሆኑ ከባሕር ከወጣ በኋላ ብዙ አይቆይም፤ ወይ በዚያው ዕለት ይበላል፣ ወይ በጨው ንፋስ ይደርቃል። ስለዚህ በየመንደሩ ዳርቻ ከቀርከሃ የተሠራ ረጅም ማስጫ ይቆማል፤ ቦምቢሉም ሁለት ሁለት እየሆነ፣ መንጋጋው እየተቆላለፈ፣ እንደ ልብስ ይሰጣል። ይህ የደረቀ ዓሣ በዝናቡ ወራት ባሕሩ ሲዘጋ የቤቱ ስንቅና የገበያው ገንዘብ ነው።

ዓሣው ከባሕር እስኪወጣ ድረስ ጉዳዩ የወንዱ ሲሆን፣ የብስ ከረገጠ በኋላ ግን የሴቷ ይሆናል። ጀልባ ሲደርስ የምትረከበው፣ የምትለየው፣ በጫረታ የምትገዛውና የምትሸጠው፣ የምታደርቀውና ገንዘቡን የምትይዘው እርሷ ናት። በ1875 በተከፈተው የሳሱን የጀልባ ማረፊያ ገና ጎሕ ሳይቀድ የሚሰማው የጫረታ ጩኸት በአብዛኛው የሴቶች ድምፅ ነው። ሳሪዋን በእግሮቿ መካከል አሳልፋ ከኋላ አጥብቃ የምታስር፣ በጠጉሯ አበባ፣ በጆሮዋ ወርቅ ያደረገች የኮሊ ሴት በገበያው ላይ ስትከራከር የሚደፍራት ነጋዴ ጥቂት ነው። ከሌሎች የህንድ ማኅበረሰቦች ጋር ሲነጻጸር የኮሊ ሴት በቤቷም ሆነ በመንደሯ ተሰሚነት ያላት መሆኗ የሚነገርላት፣ የቤቱ ቦርሳ በእጇ በመሆኑ ነው።

የመንደሩን የጋራ ጉዳይ የሚመለከት ጀማት የሚባል ሸንጎ አለ። ጠብ የሚበርደው፣ የበዓል ወጪ የሚመደበው፣ የዳርቻው የጋራ ማድረቂያ ቦታ የሚጠበቀው በእርሱ ነው። በኋላ ዘመን ደግሞ የዓሣ አጥማጆች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተጨምረው የጀልባውን ነዳጅና የዓሣውን በረዶ ያቀርባሉ። ለእኛ ዕድርና ሰንበቴ ምን እንደሆኑ ለሚያውቅ ሰው፣ የእነዚህ ተቋማት ጥቅም ብዙ ማስረዳት አያሻውም።

ክርስቲያኖቹ ኮሊዎች የጥንቱን ወግ ከቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጋር አስማምተው የሚኖሩ ናቸው። በሠርግ ዋዜማ ቤተ ዘመድ በሙዚቃ ታጅቦ ወደ ጉድጓድ ውሃ ይወርዳል፤ ሙሽሮቹ የሚታጠቡበትን ውሃ ቀድቶ በሆታ ይመለሳል። ጋብቻው የሚፈጸመው በቤተ ክርስቲያን ቢሆንም፣ ዳሱና የውሃው ሥርዓት የአያቶች ነው። በየመንደሩ መጋጠሚያ የድንጋይ ወይም የእንጨት መስቀል ይቆማል፤ ብዙዎቹ በ1896 የተነሣው የወረርሽኝ መቅሠፍት ቦምቤይን ባጠቃ ጊዜ ለምሕረት ልመና የተተከሉ ናቸው። በግንቦት ምሽቶች ምእመናን በእነዚህ መስቀሎች ዙሪያ ተሰብስበው የእመቤታችንን ጸሎት ያደርሳሉ።

ይህ የያዝነው ወር ለኮሊ ቤት የጥድፊያ ወር ነው። የማሃራሽትራ መንግሥት ዓሣ እንዲራባ በማሰብ ከጁን 1 እስከ ጁላይ 31፣ ማለትም በእኛ ከግንቦት 24 እስከ ሐምሌ 24 ለ61 ቀናት፣ በሞተር ጀልባ ማጥመድን ስለሚከለክል፣ ከዚያ በፊት የሚያዘውና የሚደርቀው ሁሉ መዘጋጀት አለበት። እናቶች በርበሬውንና ቅመማ ቅመሙን ፀሐይ ላይ ያሰጣሉ፤ በሙቀጫ ውስጥ በረጃጅም ዘነዘና ይወቅጣሉ፤ ከዚያም ብርሃን በማይገባበት ጠርሙስ ጠቅጥቀው ለዓመት ያስቀምጣሉ። ለእኛ እናቶች ከክረምት በፊት በርበሬ አስጥቶ፣ ቀንጥሶ፣ ደልዞ ማስቀመጥ ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል።

ዝናቡ ሲያበቃ፣ በኦገስት ወር ሙሉ ጨረቃ፣ ሂንዱ ኮሊዎች ናራሊ ፑርኒማ የሚሉትን በዓል ያከብራሉ፤ ባሕሩ እንዲረጋጋ ኮኮናት ወደ ውሃው ይሰጣሉ። ክርስቲያኖቹ ደግሞ ጀልባቸውን አድሰው፣ ቀለም ቀብተው፣ በባንዲራ አስጊጠው በካህን ያስባርካሉ። ሁለቱም ወገኖች የሚወጡት ወደ አንድ ባሕር ነው፤ ማዕበል ሲነሣም የአንዱን ጀልባ የሌላው ጀልባ ይደርስለታል።

ከባሕር የተገኘችው ማውሊ

በባንድራ ኮረብታ ላይ፣ ወደ ባሕሩ ፊቱን አዙሮ፣ በእመቤታችን ስም የተሠራ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ይታያል። የአሁኑ ሕንፃ በ1904 የተሠራ ሲሆን፣ በቦታው ላይ ጸሎት ቤት የነበረው ግን ከብዙ ዘመን በፊት ጀምሮ ነው። ኮሊዎች በማራቲኛ ማውሊ ይሏታል፤ እናት ማለታቸው ነው።

ትውፊቱ እንዲህ ይላል። በ18ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ የባሕር ወንበዴዎች ጸሎት ቤቱን ዘርፈው የእመቤታችንን ምስል እጅ ቆረጡ። ከዓመታት በኋላ አንድ የኮሊ ዓሣ አጥማጅ በሕልሙ የእመቤታችንን ምስል ከባሕር ላይ ሲያገኝ አየ። ወጥቶ ሲመለከት እንዳለመው ሆኖ አገኘው፤ ይዞም ወደ ቤተ ክርስቲያን አመጣው። ታሪኩን በታሪክ ጸሐፊ ሚዛን መመዘን የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። ትኩረት የሚስበው ግን ሕዝቡ ራሱን በታሪኩ ውስጥ ያስቀመጠበት ቦታ ነው። ምስሉን ያገኘው መኳንንት ወይም መነኩሴ ሳይሆን መረብ ጣይ ነው። እምነቱ ከባዕድ ሀገር በመርከብ የመጣ መሆኑን የሚያውቅ ሕዝብ፣ ማርያም ግን ከራሳችን ባሕር ተገኘችልን ይላል።

የሮማ ቤተ ክርስቲያን የእመቤታችንን ልደት የምታስበው ሴፕቴምበር 8 ቀን ነው። ይህ በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 3፣ የመልአኩ የቅዱስ ሩፋኤል በዓል ዕለት ላይ ይውላል። ከዚያ በሚቀጥለው እሑድ ጀምሮ ለአንድ ሳምንት በባንድራ ታላቅ ክብረ በዓል ይደረጋል። ከየኮሊዋዳው ቤተሰብ ሁሉ ይተማል። ስለት ያለበት ስለቱን የሚያገባው በሰም ነው፤ እጁን የታመመ በእጅ ቅርጽ የተሠራ ሻማ፣ እግሩን የታመመ በእግር ቅርጽ የተሠራ፣ ልጅ የተመኘች በሕፃን ቅርጽ የተሠራ፣ ቤት የቸገረው በቤት ቅርጽ የተሠራ ሻማ ይዞ ኮረብታውን ይወጣል። ከክርስቲያኑ ጋር ሂንዱውም፣ ፓርሲውም፣ ሙስሊሙም ይሰለፋል። በሀገራችንም በየንግሡ ጧፍና ጥላ ይዞ ስለቱን ሊያደርስ የሚመጣው ሕዝብ ምን ያህል እንደሆነ የሚያውቅ አንባቢ፣ የዚያ ሕዝብ ልብ ሩቅ አይሆንበትም።

ዳርቻው ሲጠብ

ክርስቲያን ኮሊዎች የሦስት ጌቶችን መለዋወጥ ችለው ያለፉት በሠራዊት ወይም በሀብት አልነበረም። መንደራቸው፣ ጉድጓዳቸው፣ መስቀላቸው፣ የጋራ ማድረቂያ ሜዳቸውና መረባቸው አንድ ላይ አስተሳስረው አቆይተዋቸዋል። ዛሬ የገጠማቸው ፈተና ግን ከንጉሥ የመጣ ትእዛዝ አይደለም፤ የቦታው ራሱ መጥበብ ነው።

ሙምባይ መሬቷ ከወርቅ የከበረ ከተማ ናት። ለከተማ ፕላን ባለሙያ ባዶ ሜዳ መስሎ የሚታየው ዳርቻ ለኮሊ ቤተሰብ ዓሣ ማስጫ፣ መረብ መጠገኛና ጀልባ ማሳረፊያ ነው። በጠባብ መንገድ ላይ ተጠጋግተው የተሠሩት የኮሊዋዳ ቤቶችም ከደሳሳ ሰፈር ጋር እየተቆጠሩ በልማት ስም የሚፈለጉበት ጊዜ አለ። ከእነዚህ አቤቱታዎች የተነሣ በ2011 የወጣው የህንድ የባሕር ዳርቻ ደንብ በታላቋ ሙምባይ የሚገኙት ኮሊዋዳዎች በካርታ ተለይተው እንዲጠበቁ ደንግጎ ነበር። ደንቡ በ2019 በሌላ ደንብ የተተካ ሲሆን፣ የመንደሮቹ ወሰን ተከልሎ በስማቸው እንዲረጋገጥላቸው የሚያቀርቡት ጥያቄ እስካሁን አልበረደም።

የባሕሩ በርም እየጠበበ ነው። በ2009 ባንድራንና ዎርሊን የሚያገናኘው ታላቅ የባሕር ላይ ድልድይ ተከፈተ። ከ2018 ጀምሮ ደግሞ በደቡብ ሙምባይ ዳርቻ የመኪና መንገድ መሥራት ሲጀመር፣ የዎርሊ ዓሣ አጥማጆች ጀልባዎቻቸው የሚወጡበት መተላለፊያ በድልድዩ ምሰሶዎች መካከል እንዲጣበቅ መታቀዱን ተቃወሙ። የታቀደው ስፋት 60 ሜትር ነበር። ማዕበል ባለበት ባሕር በዚያ ጠባብ በር ማለፍ ለጀልባችንም ለነፍሳችንም አደጋ ነው ሲሉ ጀልባዎቻቸውን ከሥራው ፊት አቆሙ፤ ጉዳዩም ለዓመታት አከራከረ። በመጨረሻ በ2022 መገባደጃ ስፋቱ 120 ሜትር እንዲሆን ተወሰነ፤ የመንገዱ የመጀመሪያ ክፍልም በማርች 2024 ለትራፊክ ተከፈተ። በዚህ ክርክር ሂንዱውና ክርስቲያኑ ኮሊ በአንድነት ቆሟል። በቫዳቫን ሊሠራ የተወጠነውንና በ2024 የመሠረት ድንጋይ የተጣለለትን ግዙፍ ወደብ በተመለከተም በሰሜን ያሉት ዓሣ አጥማጆች ተመሳሳይ ስጋታቸውን ያሰማሉ።

ከመሬትና ከመንገድ ሌላ የዓሣው ነገርም አለ። የከተማው ፍሳሽና ቆሻሻ ወደ ዳርቻው ይወርዳል፤ የዶል መረብ ውሃው ያመጣለትን ሁሉ የሚቀበል በመሆኑ ከዓሣው ጋር ፕላስቲክም ይገባበታል። ታላላቅ መርከቦች የዓሣ መንጋ ከብበው በሚጠርጉ ግዙፍ መረቦች መጠቀማቸው ትንንሾቹን ጀልባዎች ስለ ጎዳ፣ የማሃራሽትራ መንግሥት በ2016 ገደብ አኑሮባቸዋል፤ የህንድ መንግሥትም በ2017 በኃይለኛ መብራት ዓሣ እየሳቡ ማጥመድን ከልክሏል። ሕጉን በባሕር ላይ ማስከበር ግን በወረቀት ላይ እንደ መጻፍ አይቀልም። በሜይ 2021 የተነሣው ታውክቴ የተባለው አውሎ ነፋስ ደግሞ በዚሁ ዳርቻ በርካታ ጀልባዎችን ሰባብሯል።

በዚህ ሁሉ መካከል የወጣቱ ጥያቄ ይነሣል። ተምሮ በቢሮ መቀጠርን የመረጠ ልጅ የሚወቀስበት ምክንያት የለም፤ ራሳቸው እናቶች በዓሣ ሽያጭ ገንዘብ ያስተማሩት ለዚሁ ነው። ነገር ግን መረብ የሚጥል ሲጠፋ የካህኑ ቡራኬ የሚያርፍበት ጀልባ ይጠፋል፤ ማድረቂያው ሜዳ ሲታጠር ሴቶቹ ተሰብስበው የሚመካከሩበት ቦታ ይታጠራል፤ ቤተሰቡ ከዳርቻው ተነሥቶ በሩቅ ሕንፃ ላይ ሲበተን ጀማቱ በማን ላይ ይቀመጣል? መንደር ሲነሣ ማኅበሩ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ በአዲስ ሰፈር ዕድሩን እንደገና ለማቋቋም ለሚደክም የእኛ ከተሜም እንግዳ አይደለም።

ኮሊዎች ለዚህ ጥያቄ ያገኙት መልስ ገና ሙሉ አይደለም፤ ፍንጩ ግን ይታያል። ከመንደራቸው ርቀው የሚኖሩት ልጆች በበዓል ቀን ይመለሳሉ። ለሠርጉ ውሃ የሚቀዳበት ጉድጓድ፣ በአደባባይ የቆመው መስቀል፣ በጠርሙስ የተጠቀጠቀው የእናት ቅመም የሚያሰባስባቸው ምልክቶች ሆነዋል። በየዓመቱ በሴፕቴምበር ወደ ባንድራ ኮረብታ የሚወጣው ሰልፍም አልቀነሰም። በሰም ከተሠሩት ሻማዎች መካከል የቤትና የጀልባ ቅርጽ ያላቸው መኖራቸው ብዙ ይናገራል፤ ዓሣ አጥማጁ ለራሱ ጤና ብቻ ሳይሆን ለሚያድርበት ጣሪያና ለሚሠራበት ጀልባ ጭምር ይማልዳል ማለት ነው።

እኛም ዛሬ ከደጃችን ወጥተን፣ ከጎረቤት ጋር ንፍሮ ተካፍለን፣ የእመቤታችንን ልደት ስናስብ፣ በዓሉ የቆመው በሁለት ምሰሶ መሆኑን ልናስተውል ይገባል። አንደኛው እምነቱ ነው፤ ሁለተኛው ተጠርቶ የሚመጣው ጎረቤት ነው። እምነቱን ያወረሱን አባቶች ጉርብትናውንም አብረው አውርሰውናልና፣ ሁለቱንም ጠብቆ ለልጆች ማስተላለፍ የእኛ ፈንታ ይሆናል።

በዓሉ የሰላም፣ የጤናና የፍቅር እንዲሆንላችሁ እንመኛለን። የእመቤታችን ምልጃና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን። መልካም በዓል!